«ቁጥሩ ደህና ነው» የተባለው ሰው

የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ የየቀን ሥራዬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሰውየውን ፊት ሳላይ ናሙናውን አያለሁ፣ ውጤቱን ጽፌ እልካለሁ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አልሰማም። የዚህን ሰው ጉዳይ ግን ከመጀመሪያው ናሙና እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። ባልና ሚስቱ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ማንነታቸውን የሚያሳብቅ ነገር ሁሉ አውጥቻለሁ።

እሱ 34 ዓመቱ ነበር፣ እሷ 31። ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ መፈለግ ከጀመሩ ሦስት። በመጀመሪያው ዓመት አርግዛ በሰባተኛው ሳምንት አስወረዳት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም የለም። በየወሩ ተስፋ ያደርጋሉ፣ በየወሩ ይቆርጣሉ።

ሁለት ፋይል ይዘው መጡ። የእሷ ወፍራም ነው። ሆርሞኗ ደጋግሞ ተለክቷል። ማህፀኗ በአልትራሳውንድ ታይቷል። ቱቦዎቿ ክፍት መሆናቸው ቀለም ተረጭቶ በኤክስሬይ ተረጋግጧል። እንቁላሏ በየወሩ ይወጣል። የእሱ ፋይል ግን አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ የተሠራ የዘር ፈሳሽ ምርመራ። «19 ሚሊዮን በሚሊ ሊትር» የሚለው የስፐርም (የዘር ሴል) ቁጥር በእስክሪብቶ ተከቧል፤ ከጎኑ «ኖርማል» ተጽፏል። ከታች ስለ እንቅስቃሴና ስለ ቅርጽ የተጻፉትን መስመሮች ያየላቸው ሰው አልነበረም።

«ቁጥሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ከባለቤትህ ይሆናል» ተብሎ ነው የሄደው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመረመር የኖረችው እሷ ናት። ይህ ያናድደኛል። ልጅ ባጡ ጥንዶች ውስጥ በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ እንዳለበት ከታወቀ ቆይቷል። እንዲያም ሆኖ አሁንም መጀመሪያ የምትወጋው፣ መጀመሪያ የምትጠየቀው፣ ብዙ ጊዜም የምትወቀሰው ሴቷ ናት።

ናሙናው

ከሦስት ቀን ጥንቃቄ በኋላ አዲስ ናሙና ሰጠ። ናሙና ከመስጠት በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ያለ ግንኙነት መቆየት ያስፈልጋል። ፈሳሹ በሰውነት ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየና ሲቀጥን ማይክሮስኮፕ ላይ አደረግኩት።

መጠኑ 2.8 ሚሊ ሊትር። ቁጥሩ 18 ሚሊዮን በሚሊ ሊትር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ስድስተኛው መመሪያ ዝቅተኛው ወሰን 16 ሚሊዮን ስለሆነ፣ በቁጥር ብቻ ካየነው አልፏል። ሆኖም ይህ ወሰን ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ያረገዙላቸው ወንዶች ተለክተው፣ ከመካከላቸው ዝቅተኛዎቹ 5 በመቶ ያሉበት ድንበር ነው። ከወሰኑ በላይ መሆን «ትወልዳለህ» ማለት አይደለም፤ ከወሰኑ በታች መሆንም «አትወልድም» ማለት አይደለም።

ወደ ፊት የሚዋኙት 21 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወሰኑ 30 ነው። ብዙዎቹ እዚያው ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ። ትክክለኛ ቅርጽ ያላቸው 2 በመቶ፤ ወሰኑ 4 ነው። ቀለም ነክሬ ሳያቸው የብዙዎቹ ራስ እንደ ሞላላ ፍሬ መሆኑ ቀርቶ ወደ አንገቱ ሾጥጧል። አንገታቸው ላይ መወገድ የነበረበት ትርፍ ሳይቶፕላዝም (የሴሉ ውስጥ ፈሳሽ) እንደ እብጠት ተንጠልጥሏል። በመካከላቸውም ክብ ክብ ሴሎች በብዛት አሉ።

እነዚህ ክብ ሴሎች ያሳስታሉ። ነጭ የደም ሴሎች ከሆኑ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ሊኖር ይችላል። አንዳንዴ ይህ ሳይጣራ በሽተኛው አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ይሸኛል። ስለዚህ በፐርኦክሲዴዝ ቀለም ለየኋቸው። ከነጭ ሴሎች አብዛኞቹ በዚህ ቀለም ቡናማ ይሆናሉ። የእሱ ክብ ሴሎች ግን ጥቂቶቹ ሲቀሩ ቀለሙን አልተቀበሉም። ኢንፌክሽን አልነበረም። ስፐርም ሆነው ሳያልቁ ከፋብሪካው፣ ማለትም ከዘር ፍሬው፣ የወጡ ያልበሰሉ ሴሎች ናቸው። የሾጠጠ ራስና ያልበሰለ ሴል አብረው ሲበዙ በሙያችን «የስትረስ ምልክት» ይባላል። ጆን ማክሊዮድ የተባለ ተመራማሪ በ1965 ቫሪኮሴል (የዘር ፍሬ ደም መልሶች መስፋትና ማበጥ) ባለባቸው ወንዶች ላይ የገለጸው ነው። ቫሪኮሴልን ብቻ ነው የሚያሳየው ማለት አይቻልም፤ ትኩሳትም ሌላ ሕመምም ያመጣዋል። ግን አንድ ጥያቄ እንድጠይቅ አደረገኝ።

ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ የመራቢያ አካል ሐኪም) ለሆነው ባልደረባዬ ደወልኩለት። «ዶክተር፣ ይሄ ሰውዬ ቆሞ ታይቷል እንዴ?» አልኩት።

«ሌላ ቦታ ታይቻለሁ ብሏል» አለኝ።

«ቆሞ ግን?»

ዝም አለ። ከዚያ «ነገ አየዋለሁ» አለኝ።

ቆሞ መታየት

ቀደም ሲል የታየው አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር። ቫሪኮሴል ደግሞ ሰው ሲተኛ ይደበቃል። ደሙ ወደ ላይ ይፈስሳል፣ የተወጠሩት ሥሮች ይጎድላሉ፣ እጅ ምንም አያገኝም። ሰውየው መቆም አለበት። ክፍሉም ሞቅ ማለት አለበት፤ ብርድ ካለ የዘር ፍሬው ከረጢት ይሰበሰብና መዳሰስ ያስቸግራል።

ባልደረባዬ እንዳጫወተኝ ሰውየው ሲቆም ለመዳሰስ እንኳ አላስፈለገም። ከግራው የዘር ፍሬ በላይ የተጠማዘዙ ሥሮች ከቆዳው ሥር በዓይን ይታያሉ። ይህ ሦስተኛው ደረጃ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ሰውየው ቆሞ በእጅ ሲዳሰስ ብቻ የሚገኘው ነው። አንደኛው ትንፋሹን ይዞ ሲያምጥ ብቻ የሚሰማው ነው። የግራው ፍሬ 12 ሚሊ ሊትር፣ የቀኙ 17 ሆኖ ተለካ። ሲተኛ እብጠቱ ወዲያው ጠፋ። ይህም ጥሩ ነገር ነው። ተኝቶም የማይጎድል ከሆነ፣ ወይም በቀኝ በኩል ብቻ ድንገት ከታየ፣ ሆድ ውስጥ ደም መልሱን የሚጫን ነገር እንዳይኖር መታየት አለበት።

«ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀው።

«ከ15፣ ከ16 ዓመቴ ጀምሮ። ስለማያመኝ ተፈጥሮዬ ነው ብዬ ተውኩት። ቆሜ ስውል ማታ ማታ ይከብደኛል።»

«ለማንም ነግረው ያውቃሉ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ይህች «ማንም አልጠየቀኝም» የምትለው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ወንድ ልጅ ስለ ቆለጡ ሳይጠየቅ አያወራም። ያፍራል። ጠያቂው ባለሙያው ነው መሆን ያለበት።

ሆርሞኖቹ ተለኩ። ቴስቶስተሮኑም (የወንድነት ሆርሞኑ) ኤፍኤስኤቹም (ስፐርም እንዲመረት የሚያነሳሳው ሆርሞን) ጤነኛው መጠን ውስጥ ናቸው። ፋብሪካው ተጎድቷል እንጂ አልተዘጋም ማለት ነው።

ሥሮቹ ምን ያደርጋሉ?

የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጪ የተንጠለጠለው በምክንያት ነው። ስፐርም በደንብ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ብሎ ነው። ከሆድ በደም ቅዳ የሚወርደው ደም ሞቃት ነው። ያንን ደም ቅዳ እንደ ሐረግ የተጠላለፉ ደም መልሶች ይከቡታል። በእነሱ ውስጥ የሚመለሰው ቀዝቀዝ ያለ ደም የሚመጣውን ያበርደዋል። በጣም ያማረ ማቀዝቀዣ ነው።

ቫሪኮሴል ይህን ማቀዝቀዣ ያበላሸዋል። በደም መልሶቹ ውስጥ ያሉት ክዳኖች በደንብ አይዘጉም፤ ደሙ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ታች ይመለስና ይጠራቀማል። በግራ በኩል የሚበዛውም በአሠራሩ ነው። የግራው ደም መልስ ረጅም ሆኖ የግራ ኩላሊትን ደም መልስ ቀጥ ብሎ ይገጥመዋል። የቀኙ አጭር ነው፤ ጋደል ብሎ ወደ ትልቁ ደም መልስ ይገባል። ነገሩ ብርቅ አይደለም። ከ100 ወንዶች 15 ያህሉ አለባቸው። ልጅ አልወለድ ብለው ከሚመጡት መካከል ደግሞ ከ35 እስከ 40 በመቶው። አብዛኞቹ ቫሪኮሴል ያለባቸው ወንዶች ግን ያለ ምንም ችግር ይወልዳሉ።

በጥንት ዘመንም ታይቷል። ሴልሰስ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሥሮቹ ያበጡበት ፍሬ ከጓደኛው ያነሰ መሆኑን ጽፏል። 12 እና 17 የሚለውን ቁጥር ሳይ እሱ ትዝ አለኝ።

የጉዳቱ ዋና መንገድ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ነው። ስትረስ ሲባል የሐሳብ ጭንቀት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ይህ ሰውም «ታዲያ ጭንቀቴን ልቀንስ?» ብሎኛል። ነገሩ ሌላ ነው። ብረት አየር ሲያገኘው እንደሚዝግ አስቡት። ሴል ኦክስጅን ተጠቅሞ ኃይል ሲሠራ፣ ጥቂት ኦክስጅን መንገድ ይስትና ቁጡ ሞለኪውል ይሆናል። ሱፐርኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሰውነት የሚያበርድባቸው ኢንዛይሞች አሉት፤ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ከእነሱ መካከል ናቸው። የሚመረተው ከሚበርደው ሲበልጥ ያኔ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ እንለዋለን።

ፍሬው ሲሞቅ፣ ደም ሲጠራቀም፣ ኦክስጅን በወጉ ሳይደርስ ሲቀር የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆኑት ሚቶኮንድሪያዎች ይታወካሉ፤ የቁጡዎቹ ምርት ይጨምራል። ስፐርም ደግሞ ይህን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ሽፋኑ በቀላሉ የሚበላሽ የስብ ዓይነት የሞላበት ነው። ሽፋኑ ሲነካ ጅራቱ እንደ ልቡ አይወዛወዝም፤ እንቁላል ውስጥ መግባትም ይቸግረዋል። ለመዋኘት እንዲቀለው ሳይቶፕላዝሙን አራግፎ የወጣ ሴል ስለሆነ የመከላከያ ኢንዛይሞቹም አብረው ቀርተዋል። የተሰበረ ዲኤንኤ የሚጠግንበት መሣሪያም የለውም ማለት ይቻላል። አንገታቸው ላይ ትርፍ ሳይቶፕላዝም የቀረባቸው ያልኳችሁ ደግሞ ከሁሉ የከፉ ናቸው። እነሱ ራሳቸው ቁጡ ሞለኪውል ያመርታሉ፤ በኤፒዲዲሚስ (ከፍሬው ጀርባ ስፐርም በሚበስልበት ቱቦ) ውስጥ ለቀናት አብረዋቸው የሚከርሙትን ጤነኞችም ይጎዳሉ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ይህ ሞለኪውል ጨርሶ ጠላት አይደለም። ስፐርም እንቁላል ለመውጋት ሲዘጋጅ ጥቂቱን ይፈልጋል። ስለዚህ ዓላማው ማጥፋት ሳይሆን ልኩን ማስያዝ ነው። በኋላ ስለ ክኒኖቹ ስናወራ ይህን አስታውሱ።

ሃሎ

ዲኤንኤው ምን ያህል እንደተሰባበረ ለማየት የሃሎ ምርመራ ሠራሁ። ስፐርሙ ጄል ውስጥ ይቀመጣል፣ በአሲድና ፕሮቲን በሚያወልቅ ፈሳሽ ይታከማል። ዲኤንኤው ጤነኛ ከሆነ ከራሱ ተዘርግቶ ዙሪያውን እንደ ጨረቃ ብርሃን ክብ ይሠራል። የተሰበረው ብርሃን የለውም፤ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ቀጭን ጥላ ብቻ ይኖረዋል። ቁጭ ብዬ 500 ቆጠርኩ። ከ100ው 38ቱ ብርሃን አልነበራቸውም።

ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን አብዛኛው ባለሙያ ከፍተኛ ይለዋል። ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ የተከበበው ቁጥር ይህን አያሳይም። ጠንካራ የሚመስል ስፐርም ደርሶ እንቁላል ሊያዳብር ይችላል። እንቁላሏ ጥቂት ስብራት መጠገን ትችላለች፤ ሲበዛባት ግን አትችልም። የአባት ጂኖች በደንብ ሥራ የሚጀምሩት ጽንሱ ጥቂት ቀናት ካደገ በኋላ ነው። ስለዚህ ጽንሱ ተጀምሮ ሊቆም፣ ሊወርድ ይችላል። የሰባተኛው ሳምንት ውርጃ በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አልናገርም። ውርጃ ብዙ ምክንያት አለው። ግን ውጤቱን ስናነብላቸው ሁለቱም የተያዩት ስለዚያ ልጅ እያሰቡ ነበር።

ኦክሲዴቲቭ ስትረሱን ራሱን በቀጥታ አልለካነውም። መለኪያዎች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ከመደበኛው ምርመራ ውጪ፣ ከረቀቁት ምርመራዎች ጋር ነው ያስቀመጣቸው። ለዚህ ሰው ቢለካም ውሳኔውን አይቀይረውም ነበር። የሚዳሰስ ቫሪኮሴል አለ። እንቅስቃሴው ወርዷል። ዲኤንኤው ተሰባብሯል። ኢንፌክሽን የለም።

ከረጢቱ

በሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ ላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሦስት ዓይነት የ«ወንድ መካንነት» ክኒን፣ ለብቻው ቫይታሚን ኢ፣ ለብቻው ዚንክ። ለስምንት ወር ሲወስዳቸው ነበር።

አብረን አንድ በአንድ አነበብናቸው። ሴሊኒየም በሦስቱም ውስጥ አለ። ዚንክ በአራቱ ውስጥ አለ። ማንም የደመረላቸው የለም። ያ ሁሉ ሲሆን ሥሮቹ እዚያው ናቸው፣ ደሙ እዚያው ይጠራቀማል። በቀን አሥር ሲጋራ ያህልም ያጨስ ነበር፤ ሲጋራ ራሱ የእነዚህ ሞለኪውሎች ምንጭ ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን መወልወል ነው።

አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ቁጡ ሞለኪውሎችን የሚያበርድ ነገር፣ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። በ1943 ማክሊዮድ ራሱ፣ ኦክስጅን ሲበዛበት መዋኘት የሚያቆመው ስፐርም ካታሌዝ ሲጨመርለት እንደሚድን አሳይቷል። ሐሳቡ እውነት ነው። ነገር ግን ብልቃጥ ውስጥ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። በአሜሪካ የተካሄደውና በ2020 የታተመው ሞክሲ የተባለ ሙከራ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሴሊኒየም፣ ካርኒቲን፣ ዚንክ፣ ፎሊክ አሲድና ላይኮፒን አንድ ላይ ሰጠ። ከሦስት ወር በኋላ ከባዶው ክኒን የተሻለ ስፐርም አልተገኘም፤ ዲኤንኤውም አልተሻለም። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላ ትልቅ ሙከራ 2,370 ጥንዶችን ይዞ ለስድስት ወር ዚንክና ፎሊክ አሲድ ሞከረ። የሚወለደው ሕፃን ቁጥር አልጨመረም። ክኒኑን የወሰዱት የዲኤንኤ ስብራታቸው እንዲያውም በትንሹ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሆዳቸውንም ያወካቸው በዝተዋል።

ሁለቱም ሙከራዎች ቫሪኮሴል ላለባቸው ብቻ ተብለው አልተሠሩም። ያም ሆኖ ባልደረባዬ ከረጢቱን መልሶ ሰጠውና «እነዚህን ያቁሙ፤ ሲጋራውንም አብረው» አለው። ሰውየው ክኒኖቹን ለማቆም ከሲጋራው ይልቅ ከበደው። ይገባኛል። ስምንት ወር ሙሉ ተስፋው እነሱ ነበሩ።

ውሳኔው

ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ሁለት መንገድ ቀረበላቸው። አንደኛው ቫሪኮሴሉን በቀዶ ሕክምና ማስተካከልና መጠበቅ። ሁለተኛው በቀጥታ ወደ አይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርም ከሰውነት ውጪ ወደሚገናኙበት ሕክምና) መሄድ፤ አንድ ስፐርም ተመርጦ እንቁላል ውስጥ ይከተታል።

እሷ ሁለተኛውን ፈለገች። «ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ። አሁንም ጠብቂ ልትሉኝ ነው?» አለች። እውነቷን ነው። ባሏ አንገቱን ደፋ።

ባልደረባዬ ጊዜ ሰጥቶ አስረዳት። ስፐርሙ በዓይን ተመርጦ ሲገባ ዲኤንኤው አይታይም፤ መልከ መልካሙም ሊሰበር ይችላል። መድኃኒቱም፣ መርፌውም፣ እንቁላል ማውጣቱም እንደገና በእሷ ላይ ነው የሚወድቀው። ዕድሜዋ 31 ነው፤ የእንቁላል ክምችቷ ጥሩ ነው። ጊዜ አላት። «39 ዓመትሽ ቢሆን ኖሮ ይህን አልልሽም ነበር» አላት። ጉዳዩ ውስጥ ትልቁን ክብደት የያዘው ይህ ይመስለኛል። የእሱ ቀዶ ሕክምና የሚወሰነው በእሷም ዕድሜ ነው። ስፐርም ታድሶ ውጤት እስኪታይ ወራት ያልፋሉ፤ ወራት ደግሞ ለሁሉም ሴት እኩል አይደሉም።

የአሜሪካ የዩሮሎጂና የሥነ ተዋልዶ ማኅበራት መመሪያም እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ቫሪኮሴሉ በእጅ የሚዳሰስ ከሆነ፣ ጥንዶቹ ልጅ ካጡና ስፐርሙ ከተጓደለ ቀዶ ሕክምና ሊታሰብ ይገባል። በአልትራሳውንድ ብቻ የታየች ትንሽ ቫሪኮሴል ግን አትነካም። ይህን የምለው አልትራሳውንድ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር የሰፋ ሥር ታይቶ ለቀዶ ሕክምና የሚቀጠሩ ሰዎች ወረቀት እጄ ላይ ስለሚገባ ነው።

እሷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲህ አሁን ተራው የእሱ ይሁን» አለች። በቁጣ አልነበረም። ደክሟት ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በማይክሮስኮፕ ታግዞ ተሠራ። ብሽሽቱ ሥር ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተቀደደ። ከባዱ ሥራ ማሰሩ ሳይሆን መለየቱ ነው። ደም ቅዳው በትንሽ ዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሰማ መሣሪያ) ድምፁ እየተሰማ ተለይቶ ይተዋል፤ እሱ ከታሰረ ፍሬው ሊሞት ይችላል። የሊምፍ ቧንቧዎቹም ይተዋሉ፤ እነሱ ከተቋረጡ ፍሬው ዙሪያ ውኃ ይቋጥራል። የቀሩት የሰፉ ደም መልሶች አንድ በአንድ ይታሰራሉ። በዚህ ዘዴ ችግሩ ተመልሶ የሚመጣውም ውኃ የሚቋጥረውም በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው። በዚያው ቀን ቤቱ ገባ።

ሦስተኛው ወር፣ ስድስተኛው ወር

ስፐርም ከጅምሩ ተሠርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን ያህል ይፈጃል። ከዚያ በኤፒዲዲሚስ ውስጥ ተጨማሪ አንድ ሁለት ሳምንት ይጓዛል። ዛሬ የሚሰጠው ናሙና የተጀመረው የዛሬ ሦስት ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ከሦስት ወር በፊት መመርመር ገንዘብና ልብ ማባከን ነው።

በሦስተኛው ወር ቁጥሩ 23 ሚሊዮን፣ ወደ ፊት የሚዋኙት 28 በመቶ፣ የዲኤንኤ ስብራቱ 27 በመቶ ሆነ። ለእኔ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ። «በቃ ይሄ ነው?» አለኝ። ሃሎውን በማይክሮስኮፕ አሳየሁት። ራሱ ዓይኑን አስጠግቶ ብርሃን ያላቸውንና የሌላቸውን ለመቁጠር ሞከረ። 40 ላይ ተሳሳተና እንደገና ጀመረ። ብዙ ጊዜ ለበሽተኛ አላሳይም። እሱ ግን ለሁለት ዓመት ስለ ራሱ የሚያውቀው አንድ የተከበበ ቁጥር ብቻ ነበር።

በስድስተኛው ወር ቁጥሩ 31 ሚሊዮን፣ ወደ ፊት የሚዋኙት 39 በመቶ፣ የዲኤንኤ ስብራቱ 18 በመቶ። ክብ ሴሎቹ ቀንሰዋል። የሾጠጡት ራሶች ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፉም፤ ትክክለኛ ቅርጽ ያላቸው 3 በመቶ ናቸው፣ አሁንም ከወሰኑ በታች።

በዘጠነኛው ወር ደወለችልኝ። እሷ ናት የደወለችው። አርግዛለች። ሰባተኛው ሳምንት እስኪያልፍ ግን ለማንም አልተናገሩም፣ ለእኔም የነገሩኝ በ12ኛው ሳምንት ነው። ሴት ልጅ ወለዱ።

ቀዶ ሕክምናው ነው ልጅ የሰጣቸው ብዬ መማል አልችልም። ሲጋራውንም አቁሟል። ክኒኖቹንም አቁሟል። ያለ ምንም ሕክምና ቆይተው የሚያረግዙ ጥንዶችም አሉ። ከተሠራላቸው ወንዶች መካከልም ሦስት እጅ ቢባል አንዱ ያህል ስፐርሙ የሚታይ ለውጥ አያሳይም፤ ስፐርሙ ተሻሽሎ እንኳ ሳይወልድ የሚቀር አለ። እንዲህ ያለውንም ሰው ናሙና በእነዚሁ እጆቼ ቆጥሬያለሁ። እኔ በዓይኔ ያየሁት የስብራቱ ቁጥር ከ38 ወደ 27፣ ከዚያ ወደ 18 መውረዱን ነው። የግራው ፍሬ መጠን ግን አልተመለሰም። 12 ነበር፣ በመጨረሻው ምርመራም 13 ነው። ሃያ ዓመት ገደማ የተጠራቀመ ጉዳት በዘጠኝ ወር ሁሉም አይካስም።

ልጅቷ ሦስት ወር ሲሞላት እሱ ራሱ ደወለ። ስለ ልጁ ሊያወራኝ መስሎኝ ነበር። «የ19 ዓመት ወንድም አለኝ» አለኝ። «ጠየቅኩት። እሱም አለበት መሰለኝ።»

መጠየቁ ደስ አለኝ። ቫሪኮሴል በቅርብ ዘመዳሞች መካከል እንደሚበዛ ታይቷል። ወንድምየው በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ። ባልደረባዬ አቁሞ አየው። ግራ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ቫሪኮሴል አለ። ሁለቱም ፍሬዎች እኩል ናቸው፣ 18 እና 18። ናሙናውን እኔ ነኝ ያየሁት፤ ከወሰኖቹ ሁሉ በላይ ነበር። ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም ተባለ። በየዓመቱ እየመጣ እንዲለካ ቀጠሮ ተያዘለት፤ ወንድሙ ከውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።